ከየብሎኩ አንዲት አዋላጅ፦ ከሐርጌሳ የሰማነው



ባለፈው እትማችን የሥልጠና ማስታወቂያዎችን ካወጣን በኋላ አንድ አባት ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጥተው ነበር። ልጃቸው 10ኛ ክፍል ጨርሳለች። ከወጡት ዕድሎች ውስጥ እሷ የመረጠችው የአዋላጅነት ትምህርትን ነው፤ የአባትየው ልብ ግን አልቆረጠም። «ኮምፒዩተር ብትማር ቢሮ ትገባለች። ይኼኛው እኮ ሌሊት እየተነሱ ደም መንካት ነው። ደግሞስ እናቷ ሰባት ልጅ ስትወልድ ያዋለዷት ፊደል ያልቆጠሩ አሮጊት አይደሉም እንዴ?» አሉን። ነገሩ በቁጣ አልነበረም፤ ምከሩኝ ማለታቸው ነው። እኛም እዚያው ቆመን የረባ መልስ ስላልነበረን «ጠይቀን፣ አንብበን እንጽፍበታለን» ብለን ሸኘናቸው። ይህ ጽሑፍ ያ ቃል ነው።

እንደሚታወቀው በእኛ ዘንድ አንዲት ሴት በሰላም ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላታለን። ሙስሊም ወገኖቻችንም እንዲሁ ፈጣሪን አመስግነው ነው ጫማቸውን አውልቀው የሚገቡት። ቃሉን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ማረችሽ ማለት እኮ ከሞት ተረፍሽ ማለት ነው። ገንፎው ከመቅረቡ በፊት፣ ልጁ ወንድ ነው ሴት ከመባሉ በፊት የሚነገረው የእናቲቱ መትረፍ ነው። እናቶቻችንና አያቶቻችን ምጥ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቁት ነበር። ያላወቁት፣ ወይም አውቀው እጃቸው ላይ ያልነበረው፣ ደም አላቆም ሲል ምን እንደሚደረግ ነው።

ወደ ሐርጌሳ የመራችን አንዲት እህታችን ናት። ወደዚህ ካምፕ ከመምጣታቸው በፊት በሶማሊላንድ ዋና ከተማ በሐርጌሳ ለዓመታት የኖሩ ቤተሰቦች በመካከላችን አሉ። ሐርጌሳ ከጅጅጋ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ የሚሻገር ሰው የሚደርስባት ከተማ ስትሆን፣ በስደት ወይም ለእንጀራ ብሎ የሄደ ብዙ ኢትዮጵያዊ ይኖርባታል፤ በገበያውም አማርኛ መስማት ብርቅ አይደለም። ይህች እህታችን ከከተማይቱ ወረዳዎች አንዱ በሆነው በማሕሙድ ሃይቤ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። እሷ በሰው ቤት ልብስ ታጥባለች፤ ባለቤቷ የግንባታ ሥራ ፍለጋ ጧት ይወጣል። ሦስተኛ ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯ ገብቷል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሁለት ተማሪዎች ከአስተማሪያቸው ጋር በሩን አንኳኩ። የጤና ኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው፤ የየትኛው ኮሌጅ እንደሆኑ እሷ ዛሬ አታስታውስም። ደብተርና የደም ግፊት መለኪያ ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ እርጉዝ ይጠይቃሉ። ሶማሊኛዋ የገበያ ሶማሊኛ ስለሆነ የሚሉትን ሁሉ አልሰማችም። አንዷ ልጅ ግን ግንባሯን በእጇ ይዛ «መደሕ ሐኑን?» ስትላት ገባት፤ ራስ ምታት አለሽ ወይ ማለቷ ነበር። አለ። ሳምንቱን ሙሉ ነበረ። እግሯም አብጧል፤ እሷ ግን ቆሞ ማጠብ ያመጣው መስሏታል። ልጅቷ ግፊቷን ለካችና ፊቷ ተለወጠ። አስተማሪዋን ጠራች፤ አስተማሪዋም ራሷ ደግማ ለካች። ከዚያ በኋላ «ነገ አይደለም፣ አሁን ነው የምትሄጂው» አሏት።

«እንዴት ነው የምሄደው?» አለች በሆዷ። ባለቤቷ የለም። ስልኳ ሂሳብ የለውም። የታክሲም የላትም። የስደተኛነት ወረቀቷ ጊዜው አልፎበታል፤ በሆስፒታሉ በር ላይ ይመልሱኛል ብላ ፈርታለች። ነገሩን የሰማችው አከራይዋ፣ የአገሩ ተወላጅ፣ ከጉያዋ ብር አውጥታ ራሷ አብራት ተሳፈረች። ሆስፒታል ሲደርሱ መርፌ ተወጋች፤ ከአልጋ እንዳትወርድ ተደረገ፤ በሁለተኛው ቀን ወለደች። ያ ልጅ ዛሬ እዚሁ ካምፕ 4ኛ ክፍል ነው። በኳሱ የጎረቤት መስኮት መስበሩን ስላላቋረጠ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

እህታችን ይህን ስታወራን ስለ መርፌው ብዙ አላለችም። ደጋግማ የምታነሣው በሩ መንኳኳቱን ነው። «እኔ ወደ እነሱ አልሄድኩም፤ እነሱ ናቸው የመጡት» ትላለች።

ታዲያ እነዚያ ተማሪዎች ከየት መጡ? ይህን ለመረዳት ወደኋላ መመለስ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እንድታውቁልን እንፈልጋለን።)

በ1988 ግንቦት መጨረሻ ላይ የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ሐርጌሳ ሲገቡ የዚያድ ባሬ መንግሥት ከተማይቱን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደባት። አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከራሷ ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ዛሬም በከተማይቱ መሃል አንድ የሚግ አውሮፕላን በሐውልትነት ቆሞ ይታያል። ሕዝቡ ሕፃን አዝሎ፣ ሽማግሌ ደግፎ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያረፉበት የሐርተ ሼኽ ካምፕ በዘመኑ ከዓለም ትልልቆቹ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ነበር። እስከ 2004 ድረስ ቆይቶ ነው የተዘጋው። አሥራ ስድስት ዓመት ማለት ነው። በዚያ የተወለደች ልጅ ራሽን ካርድ ከማወቅ በቀር አገሯን ሳታውቅ ኮረዳ ሆናለች። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያሻም።

የተመለሱት ጣሪያ ወደሌለው ከተማ ነው። ሐኪሞቹና ነርሶቹ ወይ ሞተዋል፣ ወይ በየዓለሙ ተበትነዋል። ሶማሊላንድ በ1991 ነፃነቷን ብታውጅም ዕውቅና ስላላገኘች እንደሌላው አገር ብድርና እርዳታ በቀጥታ አታገኝም ነበር። ስለዚህ ነገሩን የጀመሩት አብዛኛውን ጊዜ ግለሰቦች፣ የአገር ሽማግሌዎችና በውጭ ያሉ ዘመዶች ናቸው። በቦረማ ከተማ አሙድ ዩኒቨርሲቲ በ1998 ሲከፈት፣ የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ2000 ተከተለ። ሁለቱም በቀድሞ ትምህርት ቤት ግቢዎች ውስጥ ነው ሥራ የጀመሩት። በዚያው በ2000 የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ባለሙያዎች ከአካባቢው የጤና ትምህርት ቤቶች ጋር መሥራት ጀመሩ፤ አስተማሪ ይልካሉ፣ ፈተና ያግዛሉ። የአሙድ የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች የተመረቁት በ2007 ነው።

ከሁሉ የበለጠ የተወራላቸው ግን ወይዘሮ ኤድና አዳን ኢስማኢል ናቸው፤ እውነትም የሚወራላቸው ናቸው። በ1937 በሐርጌሳ ተወለዱ። አባታቸው የሕክምና ባለሙያ ነበሩ። በዚያን ዘመን ሐርጌሳ ውስጥ ሴት ልጅ የምትማርበት ትምህርት ቤት ስላልነበረ ጅቡቲ ተላኩ። በ1954 ለንደን ሄደው ነርስነትና አዋላጅነት ተማሩና በ1961 ተመለሱ። በሶማሌዎች ዘንድ በትምህርት የሠለጠኑ የመጀመሪያዋ አዋላጅ ነርስ ናቸው። የጠቅላይ ሚኒስትር ባለቤት ሆነዋል፣ በዓለም የጤና ድርጅት ሠርተዋል፣ ኋላም የሶማሊላንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። በጡረታ ዕድሜያቸው ሰው ከልጅ ልጅ ጋር ሲጫወት እሳቸው ያላቸውን ሸጠው፣ የጡረታ ገንዘባቸውን ጨምረው የእናቶች ሆስፒታል ሊሠሩ ተነሡ። መንግሥት የሰጣቸው ቦታ የቆሻሻ መጣያ ነበር። ሆስፒታሉ በመጋቢት 2002 ተከፈተ።

እኛን የገረመን ቆሻሻው አይደለም። ወይዘሮ ኤድና ሆስፒታሉ ሳያልቅ ነርሶች ማስተማር ጀምረው ነበር። ግድግዳው እየቆመ ተማሪዎቹ ይማራሉ። ለምን ቢባል፣ ሕንፃ ብቻውን አያዋልድም። አልጋ፣ ማሽን፣ መድኃኒት ከውጭ በመርከብ ሊመጣ ይችላል፤ ሌሊት በ9 ሰዓት ሶማሊኛ እየተናገረች «አይዞሽ» የምትል አዋላጅ ግን በመርከብ አትመጣም። በካምፖቻችን ስንት ጊዜ ነው ቆርቆሮው ተሠርቶ፣ ሪባኑ ተቆርጦ፣ ሠራተኛ የጠፋበት ክፍል ያየነው? የየትኛው ድርጅት እንደሆነ መጥቀስ አያስፈልገንም፤ እናንተም እኛም እናውቀዋለን።

ያ የነርሶች ሥልጠና ቀስ በቀስ አደገ። የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ የፋርማሲ ባለሙያ፣ አዋላጅ ነርስ ማሠልጠን ተጨመረ፤ በመጨረሻም በስማቸው የሚጠራ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ወይዘሮ ኤድና አንድ ሺህ አዋላጆች አሠልጥኜ በአገሩ ሁሉ እበትናለሁ ብለው ለራሳቸው ግብ አስቀምጠው ነበር። በ2023 ቴምፕልተን የተባለውን ትልቅ ዓለም አቀፍ ሽልማት ሲያገኙም ከገንዘቡ ከፊሉን ለሆስፒታሉ እንደሚያውሉት ነው ያስታወቁት።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የአንድ ጤና ኮሌጅ ዕድገት በምን ይለካል? በተማሪ ብዛት ይሆን? በፎቅ? እኛ እንደሚመስለን ምሩቆቹ ከሦስት ዓመት በኋላ የት ይገኛሉ በሚለው ነው። በሐርጌሳ ይህን ያሰቡበት ሰዎች ለገጠሩ ሌላ ዓይነት ሥልጠና አወጡ፤ የማኅበረሰብ አዋላጅ ይባላል። ዲግሪ አይደለም፤ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ዋናው ዘዴ አመራረጡ ላይ ነው። ተማሪዋ የምትመረጠው ከራሷ አካባቢ ሲሆን፣ ስትጨርስ ወደዚያው እንድትመለስ ነው የታሰበው። የከተማ ልጅ ተምራ ገጠር ብትላክ ወር ሳይሞላት ዝውውር ትጠይቃለች። እናቷና አክስቷ ያሉባት ልጅ ግን ስትመለስ ቤቷ ነው የገባችው። የማን ሚስት ነፍሰ ጡር እንደሆነች ጠይቃ አይደለም የምታውቀው፤ ውሃ ሲቀዳ ታያታለች። ሶማሌዎች አዋላጅን «ኡሙሊሶ» ይሏታል፤ ቃሉ ለተማረችውም ላልተማረችውም ይሠራል። ይህም ጥሩ ሆኗል፤ አዲሷ ልጅ በአሮጌው ስም ነው የምትጠራው።

አሮጊቶቹስ? የልምድ አዋላጆችን አባርሮ የሠራ የትም የለም። ሴቶቹ የሚያምኑት እነሱን ነው። የተሻለው መንገድ፣ አሮጊቷ እናቲቱን ይዛ እንድትመጣ፣ ምጡ ላይ ከአጠገቧ እንድትቀመጥ፣ ወገቧን እንድትይዝላት፣ ማዋለዱን ግን ለተማረችው እንድትተው ማድረግ ነው። እዚህም ካምፕ እንዲህ ያሉ እናት አሉን፤ ካለ እሳቸው ክሊኒክ የማይሄዱ ሴቶች ስላሉ የክሊኒኩ ሠራተኞች ራሳቸው ናቸው ሰው የሚልኩባቸው።

ወይዘሮ ኤድናና ተማሪዎቻቸው ቤት ለቤት ይዘውት የሚዞሩት ሌላም ከባድ ነገር አለ፤ የሴት ልጅ ግርዛት። እሳቸው ራሳቸው በልጅነታቸው የደረሰባቸው ሲሆን፣ በአደባባይ መናገር የጀመሩት በ1976 ነው። ያኔ ሴት ቀርቶ ወንድም አያነሣውም ነበር። በ2020 የወጣው የሶማሊላንድ የጤና ጥናት እንዳመለከተው ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 98 ከመቶው ተገርዘዋል። ከ40 ዓመት በላይ ተናግረው ቁጥሩ ይህ ከሆነ ልፋታቸው ከንቱ ነው የሚል ይኖራል። እኛ እንዲህ አናየውም። ተሰፍታ የኖረች ሴት ስትወልድ ምን እንደሚሆን የምታውቀው አዋላጇ ናት፤ ሲቀደድ፣ ሲደማ፣ ልጁ ሲታፈን ያየችው እሷ ናት። ስለዚህ ነገሩን ለአያትና ለአባት ስትናገር ከውጭ የመጣ ወሬ ነው ሊሏት አይችሉም። በካምፓችንም ይህ ልማድ ያላቸው ቤተሰቦች ስላሉ ነው ይህን የምንጽፈው እንጂ የጎረቤትን ገበና ለማውጣት አይደለም።

አሁን ለእኒያ አባት ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ እንስጥ። ያልተማሩት አሮጊት ሰባቱን አዋልደዋል፤ እውነት ነው። አብዛኛው ወሊድ ማንም ቢኖር በሰላም ያልቃል። ችግሩ ያ አንዱ ነው፤ የቱ እንደሚሆን ደግሞ አስቀድሞ አይታወቅም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ኃይለኛ የደም መፍሰስ ጤነኛዋን ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሁለት ሰዓት ማለት በእኛ ካምፕ ጥበቃውን ቀስቅሶ፣ ሬዲዮ ተጠርቶ፣ መኪና ነዳጅ ሞልቶ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ነው። የተማረች አዋላጅ ልጁ እንደወጣ ማሕፀን የሚያኮማትረውን መርፌ ትወጋለች፤ መርፌው ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ ማቀዝቀዣ በሌለበት ለዚሁ የሚሆን እንክብል አለ። የእንግዴ ልጁ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን አገላብጣ ታያለች። ማሕፀኑ ጠንክሮ እንደሆነ በእጇ ትዳስሳለች። እህታችንን ሊገድላት የነበረው የግፊት ሕመምም እንዲሁ መድኃኒት አለው፤ እናቲቱ መንፈራገጥ ሳትጀምር ከተደረሰባት። መንፈራገጥ ስትጀምር ግን በብዙ ቦታ ዛር ነው፣ ቡዳ ነው እየተባለ ሰዓቱ ያልፋል።

ባለሙያዎቹ እናት የሚገድሉ ሦስት መዘግየቶች አሉ ይላሉ። አንደኛው ቤት ውስጥ ነው፤ «ትንሽ እንይ»፣ «ባሏ ይምጣ» እየተባለ። ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው። ሦስተኛው ከተደረሰ በኋላ፣ ካርድ አውጪ፣ ተቀመጪ፣ ሐኪሙ ምሳ ወጥቷል ሲባል። የእህታችንን ታሪክ መልሳችሁ ብታዩት ሦስቱም በሯ ላይ ቆመው ነበር። የመጀመሪያውን የሰበሩት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ሁለተኛውን አከራይዋ። ሦስተኛውን ያሻገራት ስትደርስ መርፌው በቦታው መገኘቱ ነው።

የሶማሊላንዱ የ2020 ጥናት ከ100,000 ወሊድ 396 እናቶች እንደሚሞቱ ያሳያል። በኢትዮጵያ በ2000 በተደረገው ጥናት 871 የነበረው በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ሁለቱም ቁጥር አሁንም ብዙ ነው። በኢትዮጵያ ለመውረዱ አንዱ ምክንያት በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መሆኑን ብዙዎች ይስማማሉ፤ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ከ30,000 በላይ ሴቶች አንድ አንድ ዓመት ሠልጥነው ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ገቡ። ብዙዎቻችሁ አገር ቤት ሳላችሁ ሽንት ቤት ቆፍሩ እያሉ ያስጨነቋችሁ እነሱ ናቸው።

ለነገሩ ተማሪን ወደ ሕዝብ መላክ በእኛ አገር የተጀመረው ከዚያ በፊት ነው። በ1953 በጎንደር አካባቢ፣ በደንቢያ ሜዳ ላይ ወባ ገብታ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀች። በማግሥቱ ዓመት በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ያኔ አገሪቱ ሐኪም ለማፍራት ረጅም ዓመት የምትጠብቅበት ጊዜ አልነበራትም። ስለዚህ ጎንደር ሦስት ዓይነት ሰው አብሮ ማሠልጠን ጀመረ፦ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ሠራተኛ። ሦስቱ በቡድን ሆነው ወደ ወረዳ ጤና ጣቢያ ይወጣሉ፤ አንዱ ያክማል፣ አንዷ እናቶችን ትከታተላለች፣ አንዱ ምንጭና ጉድጓድ ያያል። ያ የቡድን ሥልጠና የጎንደር መለያ ሆኖ ቀርቷል፤ ኮሌጁም ከ2004 ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጂማም በ1983 የተከፈተው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተማሪውን ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ ወደ ሕዝቡ እንዲወጣ ያደርግ ነበር። በዚህ ካምፕ በጂማ የተማረ አንድ ወንድማችን እንዳጫወተን፣ መጀመሪያ የተሰጠው የቤት ሥራ የአንድ ቀበሌ ቤቶችን እየቆጠረ ካርታ መሣል ነበር። «ሐኪም ልሆን መጥቼ ቤት ቆጣሪ ሆንኩ ብዬ ተናደድኩ» ይላል። አሁን ግን በካምፑ ክትባት ሲሰጥ አንድም ሕፃን እንዳይዘለል የሚያደርገው ያ የቤት መቁጠር ልምዱ ነው።

የሐርጌሳን ነገር ሁሉ አሳምረን ማቅረብ አንፈልግም። ዛሬ በከተማይቱ የጤና ትምህርት የሚሰጡ የግል ኮሌጆች በዝተዋል። ሁሉም ሆስፒታል የላቸውም፤ ተማሪ ክፍያ ስለከፈለ ብቻ ማኅተም የሚያገኝበት ቦታ አለ የሚል ቅሬታ ይሰማል። ሶማሊላንድ የጤና ባለሙያዎችን የሚመዘግብና የሚቆጣጠር ኮሚሽን እስከማቋቋም የደረሰችው ይህ ጉዳይ ቀላል ስላልሆነ ነው። አንድ አዋላጅ ስንት ወሊድ በእጇ ሳታዋልድ ነው የምትመረቀው ብሎ መጠየቅ የወላጅም ፋንታ ነው። ሌላው፣ የተማረው ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ያልሄደውም ከዋናው ከተማ አይወጣም። ስደትም አልቆመም። በ2023 መጀመሪያ በላስ አኖድ ውጊያ ሲነሣ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሕዝብ እንደገና ወደ ኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ተሻግሯል፤ ከእነሱ ውስጥ የ1988ቱን ስደት የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ይኖሩበታል።

ቢሆንም ከሐርተ ሼኽ የተመለሰ ሕዝብ በአንድ ትውልድ ውስጥ የራሱን አዋላጆች አፍርቷል። የስደተኛ ልጅ ናት የስደተኛን ቤት ያንኳኳችው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ለእኛ ሴት ልጆች ምን አለ? 12ኛ ክፍል ጨርሰው ጥሩ ውጤት ላመጡት፣ ዳፊ የተባለው የስደተኞች የከፍተኛ ትምህርት ዕድል በዩኤንኤችሲአር በኩል ከ1992 ጀምሮ ይሰጣል፤ ጤና ትምህርትም በውስጡ አለበት። ቦታው ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ ስለሆነ ሰርተፊኬታችሁንና የመመዝገቢያ ወረቀታችሁን ማስታወቂያው ሳይወጣ አዘጋጁ። ስማችሁ በሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት መጻፉን ተመልከቱ፤ ባለፈው ዓመት አንዲት ጎበዝ ልጅ በአንድ ፊደል ምክንያት ተጉላልታለች። ለ10ኛ ክፍል ጨራሾች አጫጭር ሥልጠናዎች በየጊዜው ይወጣሉ። ስትመዘገቡ ግን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሥልጠናውን የሚሰጠው ማን ነው፣ ልምምዱ የት ነው፣ የሚሰጠው ወረቀት ከዚህ ካምፕ ውጭ ያገለግላል ወይ?

እስከዚያው እርጉዝ ያለባችሁ ቤተሰቦች የሚከተለውን አትርሱ። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን መጭለምለም፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ ደም መታየት፣ ትኩሳት፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ ምጥ ሳይመጣ የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ ከ12 ሰዓት በላይ የቆየ ምጥ፤ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ባል እስኪመጣ አይጠበቅም። የመኪና መጥሪያውን ስልክ በር ላይ ጻፉት። ሌሊት አብሮ የሚሄድ ጎረቤት ከአሁኑ ተነጋግራችሁ ያዙ። ለትራንስፖርት የሚሆን ጥቂት ሳንቲም በዕቁቡ ውስጥ ለብቻ የሚያስቀምጡ እናቶች በሁለት ብሎኮች አሉ፤ አሠራሩን የምትፈልጉ ዝግጅት ክፍሉ ያገናኛችኋል።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ከመሄዱ በፊት ለእኒያ አባት አነበብንላቸው። ዝም ብለው ሰሙና «ሥልጠናው ስንት ወር ነው?» አሉ። ነገርናቸው። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ሌሊት ሲጠሯት ማን ያደርሳታል? ከእኛ ብሎክ እስከ ክሊኒኩ መብራት የለም» አሉን። ልክ ናቸው፤ የለም። ጥያቄያቸውን ለብሎክ መሪዎች አስተላልፈናል፤ በሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ ላይ ይነሣል። ልጃቸው ግን ፎርሙን ትናንት ሞልታለች፤ የአባት ፊርማ የሚለው ቦታ ላይ እሳቸው ፈርመዋል።